ማስተካከያ፦ የወፍ ሊስታችን አመት መቼ ነው የሚጀምረው

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ወፍ ተመልካቾች፣ ባለፈው "የአመት ሊስት (በአንድ አመት ውስጥ ያየናቸው የወፍ አይነቶች ዝርዝር) ከመስከረም 1 ነው የሚቆጠረው፣ ኢበርድም (ያየነውን ወፍ የምንመዘግብበት አፕ) እንደዛው ነው" ብዬ የፃፍኩት ስህተት ነው። ኢበርድ አፑ ራሱ የአመቱን ሊስት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31። የ2026 ሲባል ከታህሳስ 23/2018 እስከ ታህሳስ 22/2019 ማለት ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም ምክንያቱም ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች መስከረም ጥቅምት ላይ ገብተው እስከ መጋቢት ሚያዝያ ስለሚቆዩ አመቱ የሚቀየረው እነሱ እዚሁ እያሉ ነው። ያ ሆዱ ቢጫ፣ ጭራውን እያወዛወዘ ከብት ስር ስር የሚሄደው ወፍ ህዳር 2018 ቦርከና ዳር ከታየ የ2025 ነው፣ ጥር ላይ ሐይቅ ዳር ከታየ ደግሞ የ2026 ሊስት ላይ እንደ አዲስ ይገባል።

የኮምቦልቻ ልጆች በአፑ፣ የደሴ ልጆች ደግሞ እኔ ባልኩት ስለቆጠራችሁ ያወዳደርነው ቁጥር ትክክል አልነበረም፣ ይቅርታ። አብሽሩ፣ ምንም አትሰርዙ፣ ያያችሁበት ቀን ደብተራችሁ ላይ ካለ በየአመቱ መመደብ ብቻ ነው። ከመስከረም እስከ መስከረም የራሳችንን መያዝም ይቻላል፣ እኔ እንደውም ደስ ይለኛል፣ ግን ከኢበርዱ ጋር አናደባልቀው።