ሳይገልጡ ለሚመርጡ አንባቢያን የቀረበ ውዳሴ

የፖለቲካ ርዕዮተ ዓለም መጽሐፍ በመምረጥ ረገድ የዘመናችን አንባቢ የደረሰበት ብስለት እስካሁን ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ድሮ ሰው አንብቦ ነበር አቋም የሚይዘው ይባላል፤ እንዴት ያለ የጊዜ ብክነት! የዛሬው አንባቢ አቋሙን አስቀድሞ ስለሚይዝ፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ፊት ሲቆም የሚቀረው ሥራ ለአቋሙ የሚስማማ ሽፋን መፈለግ ብቻ ነው። መጽሐፉን አንሥቶ በእጁ ይመዝነዋል፣ የጀርባውን ጽሑፍ እስከ ሁለተኛው መስመር ያነባል፣ ከዚያም ከማኪያቶው አጠገብ አስቀምጦ ፎቶ ያነሣዋል፤ ከዚህ በኋላ የሊበራሊዝም ወይም የሶሻሊዝም ሊቅ ከመባል የሚያግደው የለም።

ኅብረተሰብ ያለ መንግሥት መኖር ይችላል የሚለው አናርኪዝም ላይ ሲደርስ ጥበቡ ይበልጥ ይራቀቃል፤ መጽሐፉን መንካት እንኳ አያስፈልገውም። አናርኪስት ማለት ድንጋይ ወርዋሪ እንደሆነ ከማን እንደሰማ ባያስታውስም ሰምቷል። ሩሲያዊው የአናርኪዝም አሳቢ ክሮፖትኪን እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለ መንግሥት ስለሚመረት ምግብ፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ልብስ ምዕራፍ እየከፈለ ማተቱን ማወቅ፣ ይህን የመሰለ ጥርት ያለ ግንዛቤ ከማደፍረስ በቀር ምን ይፈይዳል? ደግሞም አንባቢያችን የቅርስ ወራሽ ነው። ደርግ ኢሕአፓን «አናርኪስት» እያለ ሲያወግዝ፣ ድርጅቱ በሌኒን ፈለግ የተዋቀረና የመንግሥት ሥልጣን የሚሻ ፓርቲ መሆኑ ለአንድ ቀን እንኳ አላስቸገረውም። (ስሙ የተለጠፈባቸው ወጣቶች የከፈሉት ዋጋ ግን የሚያስቅ አልነበረም።)

በዚህ ሚዛን ሲለካ የሚያሳዝነው ካርል ማርክስ ነው። ሩሲያዊውን አናርኪስት ባኩኒንን አምርሮ ይጠላው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ሄግ ላይ በተካሄደው ጉባኤም የማርክስ ወገን ባኩኒንን ከዓለም አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር አስባርሮታል። ነገሩ በዚሁ መዘጋት ሲገባው፣ ማርክስ በጎልማሳነቱ በተማረው ሩሲያኛ፣ ባኩኒን በተከታዩ ዓመት ያሳተመውን መጽሐፍ ረጃጅም አንቀጾች በገዛ እጁ እየገለበጠ፣ በየመሐሉ እየተከራከረና እየዘለፈ አነበበው። ሥልጣን የያዙ ሠራተኞች ሠራተኛነታቸው ቀርቶ ሕዝቡን ቁልቁል ማየት ይጀምራሉ የሚለውን ክስ ሳይቀር ጽፎ መልስ ሰጥቶበታል። የኛ ሰው ቢሆን ኖሮ «ተወው፣ አናርኪስት ነው» ብሎ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ በተገላገለ ነበር።

ሻጩን በተመለከተ፣ ገዢ ሲጠብቅ በሚውልባቸው ሰዓታት የሁለቱንም ወገን መጻሕፍት አንብቦ ሳይጨርስ አልቀረም፤ እንዲህ ያለ ሰው የሞቀ ክርክር ስለሚያበላሽ፣ እስካሁን ከዋጋ በቀር ምንም አለመጠየቁ እጅግ ተገቢ ነው።