«እስማማለሁ» ያለው ማን ነው?

ባለፈው ዓመት አክስቴን ይዤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ ወዳለ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ማመልከቻው የሚቀርበው በድረ ገጽ ብቻ ነው ተብላ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተመልሳ ነበር። ቅጽ የሚሞላው ወጣት ትሁትና ቀልጣፋ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያዋንና የልደት የምስክር ወረቀቷን ስካን አደረገ፣ ኢሜይል ስለሌላት እዚያው በስሟ ከፈተላት፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ መረጠላት፣ ከገጹ ግርጌ ያለችውን «ውሎቹን አንብቤ እስማማለሁ» የምትል ሣጥንም ሳያነብና ሳያስነብብ ምልክት አደረገባት። ስልኳ ላይ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር አክስቴ ጮክ ብላ አነበበችለት፤ ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሰሙት። ሰነዶቹ የሚቀመጡበት ፎልደር ሲከፈት ከእሷ በፊት የመጡ የብዙ ሰዎች ስም ተደርድሮ አየሁ። እሷም አይታው ኖሮ «ልጄ፣ የእኔም እዚሁ ይቀራል?» ብላ ጠየቀችው። «አይ እማማ፣ በኋላ እናጠፋዋለን» አላት።

ወጣቱን አልወቅሰውም። ድረ ገጹን የሠሩት ሰዎች ያላሰቡበትን ሥራ እየሠራላቸው ነበር። እነሱ በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት ተጠቃሚ ቤቱ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ፣ የራሱ ኮምፒውተርና ኢሜይል ያለው፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ነው። በእኛ አገር የመንግሥት አገልግሎት ፈልጎ ድረ ገጽ ላይ ከሚደርሰው ሰው መካከል ብዙው ግን እንደ አክስቴ በሌላ ሰው እጅ በኩል ነው የሚደርሰው። ስለ መንግሥት ድረ ገጾች ደህንነት ስንነጋገር መነሻችን የድረ ገጹ መረጃ የሚከማችበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ የተቀመጠበት ክፍል ብቻ ሳይሆን ዜጋው የተቀመጠበት ወንበርም መሆን አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉን በተመለከተ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ሲደነግግ በደብዳቤም፣ በስልክም፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያም የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል፤ የመንግሥት ባለሥልጣናትም ይህን መብት የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው በግልጽ ያስቀምጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ፣ ለዚያ ዓላማ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ለባለቤቱም የተያዘበትን መረጃ የማወቅና የማሳረም መብት ይሰጠዋል። የመረጃ ጥሰት ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል፣ ማለትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ እንዲገለጽም ያዛል። አዋጁ የግል ኩባንያዎችን ብቻ ሳይሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም የሚመለከት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያሳስበኝ ብዙ ድረ ገጾች ይህን ሁሉ ግዴታ «እስማማለሁ» በምትለዋ ትንሽ ሣጥን ላይ ለማራገፍ መሞከራቸው ነው። ስምምነት ትርጉም የሚኖረው እምቢ ማለት ሲቻል ነው። አንድ የገበያ ድረ ገጽ አመኔታ ካልሰጠኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ ፓስፖርት የሚሰጥ ሌላ መሥሪያ ቤት ግን የለም። በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያ ግዴታ ከሆነበት ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ፣ መረጃዬን አልሰጥም የሚል የከተማው ነዋሪ ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት አዲስ ደብተር አያገኝም። አማራጭ የሌለው ሰው በሣጥን ላይ ያደረገው ምልክት ለመሥሪያ ቤቱ መከላከያ ሊሆን አይገባም። መንግሥት ዜጋውን ግዴታ በሚያስገባበት ቦታ ሁሉ የጥበቃው ሸክም ሙሉ በሙሉ በራሱ ጫንቃ ላይ ነው፤ ዜጋው አነበበም አላነበበም።

በተጨማሪም ድረ ገጽ የሚሰበስበው ቅጽ ላይ የሞላነውን ብቻ አይደለም። ገጹን ስንከፍት የመሣሪያችን የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚለይበት ቁጥር)፣ የገባንበት ሰዓትና ያየናቸው ገጾች ይመዘገባሉ፤ ኩኪ የሚባሉት ትንንሽ ፋይሎችም መሣሪያችንን እንደገና ለመለየት ይቀመጣሉ። ከዚህ ከፊሉ አስፈላጊ ነው፤ ያለ ምዝገባ ጥቃትን መለየት አይቻልም። አደጋው የጎብኚዎችን ብዛት ለመቁጠር ተብሎ የሌላ ኩባንያ መከታተያ ገጹ ላይ ሲጫን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ድረ ገጽ የሆነው ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የጎብኚዎችን ዕድሜ፣ ገቢ፣ የሚያጨሱና ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆናቸውን የሚያሳይ መረጃ ለማስታወቂያና ለትንተና ኩባንያዎች ያስተላልፍ እንደነበር ተጋልጧል። መረጃውን የሰረቀ መንታፊ አልነበረም፤ ገጹ ራሱ፣ በተሠራበት መንገድ፣ ያወጣው ነበር። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጻቸው ላይ የግላዊነት መግለጫ እንዲለጥፉ ያስገድዳል፤ መግለጫውም ተለጥፎ ነበር። የጽሑፍ ቃልና የገጹ አሠራር ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ስለዚህ የእኛ ተቆጣጣሪ አካል መግለጫ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ገጹ ሲከፈት መረጃ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ በመሣሪያ መፈተሽና ውጤቱን ለሕዝብ ማውጣት አለበት።

የሰውነት መለያዎችን ጉዳይ በተለይ ማንሣት እፈልጋለሁ። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል። የአሜሪካ የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 በደረሰበት የመረጃ ስርቆት 21.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሲጎዱ፣ ከነዚህ ውስጥ 5.6 ሚሊዮን ያህሉ የጣት አሻራቸው ጭምር ተወስዷል። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ አሻራ አይቀየርም። ስለ ዲጂታል መታወቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመረጃ ጥበቃ ድንጋጌዎች አሉት፤ ይሁን እንጂ ከፋይዳ ጋር የሚተሳሰረው የባንክ፣ የግብር እና የሌሎች አገልግሎቶች ድረ ገጽ በበዛ ቁጥር የሰንሰለቱ ጥንካሬ የሚለካው በደካማው ቀለበት ነው፤ ያ ቀለበትም አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሦስት ሠራተኞች በጋራ የሚጠቀሙበት የይለፍ ቃል ሊሆን ይችላል።

«ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፣ ሕዝቡ የሚፈልገው ሰልፍ እንዲቀርለት ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሰልፍ መቅረቱ፣ የእጅ መንሻ መቀነሱ፣ ሰው ከክፍለ ሀገር ለአንድ ፊርማ አዲስ አበባ አለመመላለሱ ለእኔም ትልቅ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማምጣቱንም ደግፌዋለሁ። ነገር ግን በድሮው መዝገብ ቤት አሥር ሺህ ሰው የሚመለከት ወረቀት ለማውጣት መኪና ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ አንድ ፍላሽ ይበቃል። አገልግሎቱ በፈጠነበት ልክ ጥበቃው ካልፈጠነ፣ አንድ ቀን በሚደርስ ትልቅ ጥሰት ምክንያት ሰው ወደ ወረቀቱ ልመለስ ቢል አይፈረድበትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ድረ ገጾቹ የሰው ኮምፒውተር ላይ ለሚጠቀም ሰው ይሠሩ። ለጥቂት ደቂቃ ያልተነካ ገጽ ራሱን ይዝጋ፤ የመታወቂያ ቁጥር ሙሉው ከመታየት ይልቅ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ብቻ ይታዩ፤ የማረጋገጫ መልእክቱም «ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ» ብሎ በእንግሊዝኛ ከሚያስጠነቅቅ ይልቅ ቁጥሩ ምን እንደሚያስፈቅድ በተቀባዩ ቋንቋ ይናገር። ቅጹን የሚሞላው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ያ ሰው በራሱ ስም የሚገባበት መንገድ ይኑር። ዛሬ ኢንተርኔት ቤቱ በአመልካቹ ስም ገብቶ ይወጣል፣ ዱካውም አይገኝም፤ ረዳትነቱ በይፋ ቢታወቅ፣ ቢመዘገብና ሰነድ የማጥፋት ግዴታ ቢጣልበት፣ ለአክስቴ የተሰጣት የቃል ተስፋ የሚጠየቁበት ግዴታ ይሆናል።

ሌላው ፋይሌን ማን እንደከፈተው የማወቅ መብቴ ነው። ኤስቶኒያ ውስጥ አንድ ዜጋ የትኛው የመንግሥት ተቋም መረጃውን መቼ እንዳየበት ራሱ ገብቶ የሚያይበት አሠራር አለ። እኛ ዘንድ ከድረ ገጽ ይልቅ የስልክ መልእክት ይቀርባል፤ በቴሌብር አሥር ብር ስንልክ እንኳ ወዲያው መልእክት ይደርሰናል። የአንድ ሰው የመታወቂያ ፋይል በሠራተኛ በተከፈተ ቁጥር ለባለቤቱ አጭር መልእክት የማይላክበት ምክንያት፣ በሕግ የተፈቀደ የወንጀል ምርመራ ካልሆነ በቀር፣ አይታየኝም። ያለ ጉዳዩ የጎረቤቱን ፋይል የሚከፍት ሠራተኛን ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ የሚገታው ባለቤቱ በዚያው ደቂቃ እንደሚያውቅ ማወቁ ነው።

የግላዊነት መግለጫውም ሰው በሚናገረው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ አንድ ገጽ በማይሞላ ጽሑፍ ይቅረብ፤ ማንበብ ለሚያዳግተው ደግሞ በድምፅ ይደመጥ። ምን እንደሚወሰድ፣ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፣ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ቅሬታ ያለው ሰው በየትኛው ስልክ እንደሚደውል ይናገር። አክስቴ ዳዊት የምትደግም፣ ጋዜጣ የምታነብ ሴት ናት። በስሟ «አንብቤ እስማማለሁ» የተባለበት መግለጫ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነበር፤ ማመልከቻዋ የደረሰበትን የምትከታተልበትን የኢሜይሏን የይለፍ ቃልም እስከ ዛሬ አታውቀውም።