ፓውዛ እያለ ጨለማ

ቤዝቦል እኩል መውጣትን አጥብቆ የሚጠላ ጨዋታ ነው። በእግር ኳስ ዜሮ ለዜሮ ተለያይቶ መጨባበጥ ነውር የለውም። በቤዝቦል ግን ዘጠኙ ዙር አልቆ አሸናፊው ካልታወቀ ሌላ ዙር ይጨመራል፤ እሱም ካልለየ ሌላ፣ አንዱ እስኪረታ ድረስ። በወረቀት ላይ ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ 14 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1945 መሆኑ ነው፣ ፊላዴልፊያ በሚገኘው ሻይብ ፓርክ አትሌቲክስ የሚባለው የከተማው ቡድንና የዲትሮይቱ ታይገርስ 24 ዙር ተፋልመው አንድ ለአንድ ተለያዩ።

አውሮፓ ውስጥ ተኩሱ ቆሟል፤ ከጃፓን ጋር ያለው ጦርነት ግን ገና አላለቀም። ደህና ደህናዎቹ ተጫዋቾች ጠመንጃ ስለያዙ ቡድኖች ያገኙትን ያሰልፉ ነበር። ሲንሲናቲ ከዓመት በፊት የ15 ዓመት ልጅ አስወርውራለች፤ ሴንት ሉዊስ ደግሞ አንድ እጅ ብቻ ያለውን ፒት ግሬይን ታሰልፋለች። የአትሌቲክስ አሠልጣኝ ኮኒ ማክ የ82 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ቡድናቸውን የሚመሩት እንደ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከረባት አስረው ነው።

የዲትሮይቱ ወርዋሪ፣ ማለትም ኳሱን ለተጋጣሚ መቺዎች የሚወረውረው ተጫዋች፣ ሌስ ሙለር ያን ዕለት 19 ዙር ከሁለት ሦስተኛ ወረወረ። ዛሬ አንድ ወርዋሪ ስድስት ዙር ከዘለቀ ጀግና ተብሎ ይጨበጨብለታል። ሙለር የሁለት ጨዋታ ሥራ ሠርቶ ሲወጣ ውጤቱ አሁንም አንድ ለአንድ ነበር። እኔ ብሆን በትከሻዬ ስም ክስ እመሠርት ነበር።

ጨዋታው ከተጀመረ አምስት ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት መሸ። ይምሽ! ሻይብ ፓርክ እኮ ከአገሪቱ ሁለት ትላልቅ ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ ከሁሉም ቀድሞ፣ በፈረንጆቹ 1939፣ ፓውዛ የተተከለበት ስታዲየም ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም በፈረንጆቹ 1942 መጀመሪያ ላይ ለቤዝቦሉ የበላይ ኃላፊ በጻፉት ደብዳቤ፣ ቀን ሥራ የሚውለው ሕዝብ እንዲያይ የማታ ጨዋታ ቢበዛ ደስ እንደሚላቸው ገልጸው ነበር። ነገር ግን የሊጉ ደንብ በቀን ብርሃን የተጀመረ ጨዋታ በፓውዛ አይጨረስም ይላል። ስለዚህ ፓውዛው ከነምሰሶው ተገትሮ እያለ ዳኛው ቢል ሰመርስ ኳሱ አይታይም ብሎ ጨዋታውን ዘጋው። ኃላፊውም ማህተሙም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው «ነገ ይመለሱ» የተባለ ባለጉዳይ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጠላት የተባሉትም ቢሆኑ ከዚህ አባዜ ነፃ አልነበሩም። በግንቦት 1934 ዓ.ም. ቶኪዮ ኮራኩኤን ስታዲየም ናጎያና ታይዮ የተባሉ ቡድኖች 28 ዙር ተጫውተው አራት ለአራት ወጥተዋል። የታይዮው ጂሮ ኖጉቺ 344 ጊዜ፣ የናጎያው ሚቺዮ ኒሺዛዋ 311 ጊዜ ወረወሩ፤ አንዳቸውም አልተቀየሩም። ያም ሆኖ ሁሉም ነገር አራት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ፤ አሜሪካኖቹ ለ24 ዙር ከፈጁት ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ጊዜ ማባከንም ሙያ ይጠይቃል።

ዲትሮይት በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች። ፊላዴልፊያ ከሊጉ ግርጌ ተቀመጠች። በዚያች ቅዳሜ ግን ከሻምፒዮኗ እኩል ነበረች፤ ምስጋናው ለደንቡና ለጨለማው ነው።