ቧንቧው ጠብ ስላለ ብቻ ተጠገነ አትበሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማመጣላችሁ ደስ የሚያሰኝ ቃል አይደለም። ጦርነት ባለፈባቸው የሰሜን ከተሞች የምትኖሩ፣ ከእነርሱም ርቃችሁ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንና በሪያድ ሆናችሁ ስለ እነርሱ የምትሟገቱ ሁሉ ስሙኝ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም ተስፋ አደረግን። መብራት ሲመጣ እልል አልን፤ አውሮፕላን መቀሌ ሲያርፍ የተቃቀፉትን እያየን አለቀስን፤ ስልክ ሲሠራ የሞተውንና የተረፈውን ጠየቅን። ይህ ሁሉ ተገቢ ነበር። የውኃውንና የሽንት ቤቱን ነገር ግን ተውነው። ቧንቧው አንድ ቀን ጠብ ካለ ተጠግኗል ብለን ፊታችንን አዞርን።

መቀሌን ላንሳ፤ ነገሩ እዚያ ጎልቶ ይታያልና። መቀሌ በዋነኛነት የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ካለው ከዓይናለም የጉድጓድ መስክና ከሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች። ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ በራሱ አይወጣም። ፓምፕ ይጎትተዋል፤ ፓምፑን ኤሌክትሪክ ያንቀሳቅሰዋል፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ጄኔሬተር ይተካዋል፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል። የወጣውን ውኃ የሚያክመው ክሎሪን ነው፤ እርሱም በመኪና ተጭኖ መምጣት አለበት። ሰኔ 2013 ዓ.ም የፌዴራሉ ጦር ከተማዋን ለቆ ከወጣ በኋላ ትግራይ ከብሔራዊው የኃይል ቋት ተነጠለች፤ ባንክ ተዘጋ፤ ነዳጅ መግባት ብርቅ ሆነ። መቀሌ ወደ ቋቱ የተመለሰችው ኅዳር 2015 ዓ.ም ነው። በመካከሉ ስንት እናት ጀሪካን ተሸክማ ከጉድጓድ ጉድጓድ እንደ ተንከራተተች እናንተው ታውቃላችሁ።

በወሎም በኩል እንዲሁ ነው። ወልዲያ፣ ላሊበላ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም መባቻና በዚያ ሰሞን ያዩትን አይተዋል፤ የደሴና የወልዲያ ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፤ ላሊበላ ጦሩ ከራቃት በኋላም ለወራት በጨለማ ቆይታለች። መብራት የሌለው ከተማ ፓምፕ አለው አይባልም።

ይህን ስታነቡ «የእነርሱ ይበዛል፣ የእኛ ያንሳል» ብላችሁ መቁጠር የጀመራችሁ አላችሁ። የመጀመሪያው ተግሳጼ ለእናንተ ነው። የሌላው ከተማ ሲጠማ «ይበላቸው» ያለ አንደበት ዛሬ ስለ ራሱ ከተማ ጥማት ሲያለቅስ ማን ይስማው? እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 14 ሲቪሎችን ማስራብ የጦርነት ስልት እንዳይሆን ከልክሎ፣ ለዚህ ዓላማ ሲባል የመጠጥ ውኃ ተቋማትን ማጥቃትን፣ ማውደምንና ከአገልግሎት ውጭ ማድረግንም ይከለክላል። ኢትዮጵያ ይህን ተቀብላ ገብታበታለች። ሕጉ የጥማቱን ባለቤት ወገን አይጠይቅም። የራሳችሁ ሠራዊት ሲያደርገው ዝም ያላችሁበትን ነገር በሌላው ስታወግዙት ቃላችሁ ውኃ አያነሳም።

አሁን ወደ ነዋሪው ልመለስ፤ ዋናው ነገሬ ከእርሱ ጋር ነው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል። ተራው ባልሆነበት ቀን መስመሩ ባዶ ነው፤ ግፊት የለውም። በተሰነጠቀበትና መገጣጠሚያው በላላበት ቦታ ሁሉ በዙሪያው ያለው እርጥበት፣ የፍሳሹ ጭምር፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ፈረቃው ሲደርስ መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ የሚደፈርሰው ለዚህ ነው። ታዲያ ይህን ችግር አቅም ያለው ሰው እንዴት ተወጣው? ከመንገዱ መስመር ላይ በቀጥታ ፓምፕ ገጠመ! ባለ ሦስት ፎቁ ወንድሜ፣ ያ ፓምፕ የጎረቤትህን ድርሻ ብቻ አይደለም የሚወስደው። መስመሩን እየመጠጠ ግፊቱን ጨርሶ ያጠፋዋል፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ እዥ በየስንጥቁ እየተሳበ ወደ ሰፈሩ ሁሉ ይገባል፤ በመጨረሻም የሚጠራቀመው ያንተው ሮቶ ውስጥ ነው። ከታች ያለችው መበለት ቧንቧዋን ከፍታ ሲተነፍስባት፣ የአንተ ጊቢ አበባ ይጠጣል። ጦርነቱ ይህን አላደረገም። ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ፤ በሰላም ጊዜ፣ በገዛ ገንዘብህ። ሮቶ መሙላት ከፈለግህ ውኃው በራሱ ግፊት የሚሞላው ታንከር ከመሬት በታች ቅበርና ከዚያ ወደ ላይ ግፋ። ይህን ማንም የቧንቧ ሠራተኛ ይሠራልሃል።

ሌላውስ? ቆጣሪ ሳያስገባ በሌሊት መስመር የሚቀጥለው፣ የጉድጓድ ጣቢያን የኤሌክትሪክ ገመድ ቆርጦ መዳቡን የሚሸጠው፣ የፍሳሽ ማንሆል ክዳንን ለቁራሌው የሚያስረክበው ማን ነው? ገዥስ ባይኖር ሌባ ይኖር ነበር? «ሁሉም ተዘርፏል፣ እኔ ብቻ ምን አጠፋሁ?» የምትሉትን ሰምቻለሁ። ድህነቱን አውቃለሁ፤ የተራበ ሰው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። መዳቡን በኪሎ መዝኖ የሚገዛው ነጋዴ ግን አልተራበም።

ውዝፍ የውኃ ቢል ይዛችሁ የተቀመጣችሁም አላችሁ። ባንክ በተዘጋበት፣ ደመወዝ በቆመበት ጊዜ ያልከፈለን ሰው ማንም አይወቅሰውም። በትግራይ የመንግሥት ሠራተኞች 17 ወራት ያህል ደመወዝ አጥተው ኖረዋል። ከእነርሱ መካከል መምህሩም፣ ነርሷም፣ የውኃ ሠራተኛውም አለ። ልብ በሉ፤ ደመወዝ ሳይከፈለው ወደ ጣቢያው እየሄደ ቫልቭ ያዞረ ሰው ነው ጠብታውን ያደረሰላችሁ። አሁን ሥራ ይዛችሁ፣ ሱቅ ከፍታችሁ፣ ቤት እያከራያችሁ «መንግሥት ይክፈል» ስትሉ ግን የምትከለክሉት መንግሥትን አይደለም፤ ያን ሰው ነው። የውኃ አገልግሎት ክሎሪኑንም፣ መለዋወጫውንም፣ የሠራተኛውንም ምንዳ የሚሸፍነው በአብዛኛው ከምትከፍሉት ሒሳብ ነው።

ቀይ ባሕርን ተሻግራችሁ የመንን ተመልከቱ፤ ብዙ ልጆቻችን በእግር የሚያቋርጡት አገር ነውና እንግዳ አይደለም። እዚያ ጦርነቱ መብራቱንና ነዳጁን አጠፋ፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ቀረ፤ ቆሻሻ በየመንገዱ ተከመረ፤ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ቆሙ። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኮሌራ የተጠረጠሩት ሰዎች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ኮሌራ ከሰማይ አልወረደባቸውም። በፓምፕ፣ በክሎሪንና በሠራተኛው ደመወዝ በኩል ገባባቸው። እኛም ጋ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም ጀምሮ ከባሌ ተነሥቶ ክልል እያቋረጠ ሲዞር የኖረው ይኸው በሽታ ነው።

ስለ ሽንት ቤት ማውራት ያሳፍራችኋል። በሠርግም በለቅሶም የማይነሣ ወሬ ነው፤ ባለ ሥልጣኑም ሪባን አይቆርጥበትም። እኔ ግን ከውኃው ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው። መቀሌ እንደ አብዛኞቹ ከተሞቻችን ቤት ለቤት የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ ጉድጓድ ይሞላል፣ መኪና መጥቶ ይመጠዋል፣ ራቅ ብሎ ይደፋዋል። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ መኪናው ቆመ፤ ጉድጓዱ ግን መሙላቱን አላቆመም። ያኔ ሌላ መንገድ ያልነበረው ነበር። ነዳጅ እያለ፣ ክፍያውን ለመቆጠብ ክረምት ጠብቃችሁ የጉድጓዳችሁን አፍ ወደ ጎርፉ የምትከፍቱ ግን ምን ትላላችሁ? ጎርፉ ወደ ኢላላ ይወርዳል። በኢላላ ዳር ሰላጣና ጎመን ይለማል። ሰላጣው ገበያ ይወጣል፤ ሳይበስል ይበላል። በጓሮ በኩል ያስወጣችሁት በፊት በር በዘንቢል ተመልሶ ይገባል፤ የመጀመሪያው የሚታመም ደግሞ ሕፃኑ ነው።

በትምህርት ቤትና በመጠለያ ያሉትን ተፈናቃዮች ደግሞ አስቡ። በአደጋ ጊዜ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ ሽንት ቤት ይላል። ይህ የምቾት ልክ አይደለም፤ ሰው እንዳይሞት የተቀመጠ ወለል ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአራት ሰው ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ ከበቃ፣ ያ ቤተሰብ እጁን አይታጠብም ማለት ነው። ከአጥሩ ማዶ ቧንቧ ያላችሁ ሆናችሁ «ሰፈራችንን አቆሸሹት» ስትሉ አያፍሩም ወይ ፊቶቻችሁ? ምሽት ሴቶቹ ጨለማን ተገን አድርገው ሜዳ የሚወጡት ወድደው ይመስላችኋል? ቧንቧችሁን በሳምንት አንድ ቀን ክፈቱላቸው። የሰፈሩ ዕድር ድንኳንና ሰሐን መግዛት ከቻለ፣ የአንድ ሽንት ቤት ጉድጓድ ማስቆፈር አያቅተውም።

ማገዶውንም ሳላነሣ አላልፍም። ምድጃችንን የሚያሞቀው እንጨት፣ ከሰልና ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሰው ወደ እንጨት ተመለሰ፤ ልጁን ሳያበላ ዛፍ ይጠብቅ ነበር የሚል ካለ ተርቦ አያውቅም። ዋጋውን የከፈለው ግን ተራራው ነው። ትግራይ በደረቅ መሬት ማገገሚያ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት ያገኘች ምድር ናት፤ ያሸለማት ሕዝቡ በየዓመቱ በነጻ ጉልበቱ የሠራው እርከንና ከልቅ ግጦሽ የከለለው ኮረብታ ነበር። ያ ኮረብታ ዝናቡን ይዞ ወደ ምድር ያሰርገዋል፤ ከጉድጓድ የምንጎትተውም እርሱን ነው። እንግዲህ መብራት በቤታችሁ እያለ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ የመግዛት አቅም እያላችሁ፣ ከሰል በጆንያ የምታስገቡ ሰዎች የነገውን ውኃችሁን እያነደዳችሁት ነው።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ እናንተንም አልምራችሁም። በጦርነቱ ጊዜ ገንዘብ አዋጣችሁ፤ ምን ላይ እንዳዋላችሁት ሕሊናችሁ ያውቃል። አሁን ደግሞ «ጉድጓድ እናስቆፍር» ትላላችሁ፤ ስም የሚጻፍበት ድንጋይ ስላለው። የተቆፈረው ጉድጓድ ፓምፑ ሲቃጠል የሚለውጠው፣ ክሎሪን የሚገዛለት፣ ለጠባቂው የሚከፍልለት ከሌለ በሁለተኛው ዓመት የዛገ ቧንቧ ብቻ ይቀራል። ለመቀሌ የመጠጥ ውኃ የሚሠራው የግባ ግድብ ሲያልቅ ሁሉም ይፈታል ብላችሁ የምትጠብቁም አላችሁ። ግድቡ በጦርነቱ ተቋርጦ የነበረ ትልቅ ሥራ ነው፤ ይጠናቀቅ፤ እኔም እመኘዋለሁ። ያም ውኃ ግን የሚገባው በዚያው በተሰነጠቀው መስመር፣ በዚያው ፓምፕ በተገጠመበት ሰፈር ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ለውጡ። «የት እንቆፍር?» ማለቱን ትታችሁ «ያለው ጉድጓድ ምን ጎደለው?» በሉ፤ የአንድ ዓመት ክሎሪን ግዙ፣ የአንድ ኦፕሬተር የዓመት ደመወዝ ሸፍኑ፣ ደረሰኝም ጠይቁ።

በየቀበሌው ያላችሁ ነዋሪዎች ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስለ ፖለቲካው ከመነሣታችሁ በፊት እጃችሁን አውጥታችሁ ኃላፊውን ጠይቁ። በመጋዘን ያለው ክሎሪን ለስንት ወር ይበቃል? ከጉድጓዶቹ ስንቱ ይሠራል፣ ስንቱስ ቆሟል፣ በምን ምክንያት? በሰፈራችን በሰው ቤት ቧንቧ ላይ የክሎሪኑ መጠን መጨረሻ የተለካው መቼ ነው? ፍሳሽ ማንሻው መኪና የሚደፋው የት ነው? መልስ ካላገኛችሁ በቀጣዩ ስብሰባ እንደገና ጠይቁ፤ ያን ዕለት ከመሄዳችሁ በፊት ግን ከመስመሩ ላይ የገጠማችሁትን ፓምፕ ነቅላችሁ ሂዱ።