ማስተካከያ፦ የቆየ ኮድን ፍሪአርቶስ (FreeRTOS፣ ለትንንሽ መቆጣጠሪያ ቺፖች የሚሆን ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ላይ ስለ ማስኬድ

ለኮምቦልቻና ለደሴ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች በተሰራጨው ማብራሪያ፣ «የቆየውን የማሽን መቆጣጠሪያ ኮድ እንዳለ በአንድ ታስክ አስገብታችሁ ከፍተኛውን ቅድሚያ ስጡት» የተባለው ይታረም። (ታስክ ፍሪአርቶስ በየተራ የሚያስኬደው አንድ የፕሮግራም ክፍል ነው፤ ቅድሚያው ደግሞ የትኛው ቀድሞ እንደሚሮጥ ይወስናል።)

መቆሚያ የሌለው ዑደት ከፍተኛ ቅድሚያ ከያዘ ሌሎቹ ታስኮች ተራ አይደርሳቸውም። በፍሪአርቶስ ቁጥሩ ሲጨምር ቅድሚያውም ይጨምራል፤ 0 የአይድል ታስክ (ሌላ ሥራ ሲጠፋ የሚሮጠው) ቅድሚያ ነው። ስለዚህ ለአሮጌው ዑደት ቅድሚያ 1 ይበቃዋል፣ አስቸኳዮቹ ከሱ በላይ ይሁኑ። በባዶ ቆጠራ ጊዜ የሚገድለው መጠበቂያም በታስክ ዲሌይ (vTaskDelay፣ ታስኩን ለተወሰነ ጊዜ አስተኝቶ ፕሮሰሰሩን ለሌሎች የሚለቅ ትዕዛዝ) ይተካ። (የማይክሮሰከንድ ልኬት ከሆነ ግን የሃርድዌር ታይመር ነው የሚያዋጣው።)

«በታስክ ስለተለየ ሌላውን አይነካም» የሚለውም ልክ አይደለም። ኤምፒዩ (MPU፣ ታስክ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ እንዳይነካ የሚከለክል ሃርድዌር) ካልተዋቀረ አንድ የተበላሸ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) የሌላውን ታስክ ስታክ (ጊዜያዊ መረጃው የሚቀመጥበትን ሜሞሪ) ሊደመስስ ይችላል፤ የሚያሳስበውም ይሄኛው ነው፣ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላልና።

የቀረው የማብራሪያው ክፍል እንዳለ ይቆያል።