ማረፊያ ብለው የሸጡልኝ ምንጣፍ ራሱ በረረ

ከሆነ ሦስት ቀን አልፎታል፣ ንዴቱ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ድሮን የምታበሩ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ለማታበሩት ላስረዳ። ድሮን ስትነሳም ስታርፍም የፕሮፔለሮቿ ንፋስ ከሥሯ ያለውን አቧራ ሁሉ ያስነሳዋል። አቧራው ሞተሩ ውስጥ ይገባል፣ ካሜራው ላይ ይለጠፋል። ሣሩ ረዘም ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ካሜራውን የተሸከመው ጊምባል ድሮኗ ገና ስትከፈት ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች እያለ ራሱን ያስተካክላል፣ በዚያች ቅጽበት አንዲት የሣር ዘለላ ከያዘችው ስህተት ብሎ ይቆማል። ላንዲንግ ፓድ የሚባለው ክብ ምንጣፍ የመጣው ለዚህ ነው። ከድሮኗ ሥር ተዘርግቶ ከቦታው ሳይነቃነቅ መቆየት፣ ሥራው ይኸው ነው። ሌላ ማንም አልጠየቀውም።

እሷኑ አንዲቷን ሥራ ነው የማይሠራት!

ልገዛ ስፈልግ ያየሁት ማስታወቂያ ሁሉ የሚያወራው ስለ ቅለቱ ነው። ቀላል ነው፣ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ወርወር ስታደርገው ይዘረጋል። ስለ ንፋስ አንድም መስመር የለም። ስንት ግራም እንደሚመዝን የጻፈ ሻጭ ለማግኘት ዓይኔ እስኪደክም ፈለግኩ። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ነው፤ 55፣ 75 እና 110 ሳንቲ ሜትር። 55ቱን የእንጀራ ምጣድ ያህል በሉት። በጂፒኤስ ብቻ ራሷ የምትመለስ ድሮን አንድ ሁለት ሜትር ስታ ልታርፍ ትችላለች፣ ስለዚህ ምጣድ የምታህል ነገር ዘርግቶ መጠበቅ ዋጋ የለውም። ትልቁን ልግዛ ስትሉ ደግሞ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ንፋስ የሚይዘው ይጨምራል። ትንሹ አያሳርፍ፣ ትልቁ አይቀመጥ። እኔ መሃለኛውን 75ቱን ገዛሁ። በወጥ ቤት ሚዛን ብመዝነው 400 ግራም እንኳ አልሞላም። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የዴንቨር ኤርፖርት ቅርባችን ስለሆነ እዚህ አካባቢ ብዙ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ ማስነሳት አይቻልም። ብሔራዊ ፓርኮቹም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለድሮን ዝግ ናቸው። እኛ ለመዝናናት የምናበር ሰዎች የምንሄደው ወጣ ብሎ ሜዳ ወዳለበት፣ አቧራና ንፋስ ወዳለበት ነው። ይህ ዕቃ የሚያስፈልገንም እዚያ ነው፤ የተነጠፈ አስፋልት ላይ ለሚያበርማ ምን ይሠራለታል?

ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ፓውኒ ሣር ምድር ሄድን። ሁለት ሰዓት ያህል ነድተን ነው የደረስነው። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቃት የከረመ ቀን ናት። መሬቱ አጭር ሣር፣ ቁልቋልና የደረቀ አፈር ነው። ምንጣፉን አወጣሁና ዘረጋሁት።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ይህ ምንጣፍ ጠርዙ ውስጥ የብረት ሽቦ አለው፣ ለመኪና መስታወት እንደምናደርገው የፀሐይ መከላከያ ስምንት ቁጥር ሠርቶ ነው የሚታጠፈው። ሁለት ሦስቴ ከታጠፈ በኋላ ሽቦው ይጣመማል። ከዚያ ወዲያ መሬት ላይ ልጥፍ ብሎ አይቀመጥም፤ አንድ በኩል ሁልጊዜ ሁለት ጣት ያህል ከፍ እንዳለ ነው። ያቺ ሁለት ጣት ክፍተት ለንፋስ በር ናት። ንፋሱ ደግሞ የሜዳው ብቻ አይደለም፣ ድሮኗ ራሷ ወደ ታች የምትገፋው አየር ምንጣፉን መትቶ ወደ ጎን ይሄዳል።

“ችካል አለው አይደል?” ትሉኛላችሁ። አለው። ሦስት ችካል፣ ከእርሳስ የቀጠኑ። የመጀመሪያው ገና በድንጋይ ስመታው ተቆለመመ። ሁለተኛው ግማሹ ገብቶ ቆመ። ሦስተኛው ብቻ ገባ። ዝናብ ካየ የሰነበተ መሬት በዚህ አይበገርም። ድንጋይ ልጫንበት ብል፣ ጠርዙ ላይ ያለ ድንጋይ ፕሮፔለር ይሰብራል።

ስትነሳ ደህና ነበረች። መመሪያዋ እንደሚለው ቀጥ አድርጌ ከ7 ሜትር በላይ አወጣኋት፤ እንደዚያ ሲሆን ወደ ታች በሚያየው ካሜራዋ የተነሳችበትን ቦታ መልክ ትይዝና ስትመለስ አመሳክራ እዚያው ታርፋለች። ታዲያ ምንጣፉ እሷ ሰማይ ላይ እያለች ከተንሸራተተ ምኑን ታመሳክረው? አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በርራ ተመለሰች። መሬት ልትነካ የክንድ ያህል ሲቀራት ልጁ “አጎቴ፣ ምንጣፉ እየተነሳ ነው!” ብሎ ጮኸ። ነፋስ የሚመጣበት በኩል ያለው ጠርዝ ብድግ አለ፣ የተተከለውን ችካል ይዞ ተገለበጠና ፕሮፔለሮቹ ላይ ተጠመጠመ። ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅና የሞተሩ ሲቃ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ድሮኗ በጀርባዋ ወድቃ አቧራ ውስጥ ትንፈራገጣለች፣ ልጁ ሊያነሳት እየሮጠ ነው። “አትንካት! ተመለስ!” ብዬ የጮህኩት ጩኸት ለራሴም አስደነገጠኝ። ያ ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል። ሞተሩን አጥፍቼ ሳነሳት ካሜራዋ በሽቦዋ ተንጠልጥላለች። ልጁ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። እኔን ያቃጠለኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው።

ለሻጩ ፎቶ አያይዤ ጻፍኩለት። መልሱ “ችካሎቹ በትክክል መተከላቸውን ያረጋግጡ” የሚል ነው። የተቆለመመውን ችካል ፎቶ እኮ ልኬልሃለሁ! ለድሮኗ ኃላፊነት እንደማይወስድ፣ የምንጣፉን ዋጋ ግን እንደሚመልስ ነገረኝ። የምንጣፉን ዋጋ ምን ላድርገው?

ሰዎች፣ የምትገዙ ካላችሁ ቅለቱን የሚያወድስ ሁሉ ሲያጋጥማችሁ እለፉት። ሽቦ የሌለው፣ እንደ መጽሐፍ በጠንካራ ሰሌዳ የሚታጠፍ ከበድ ያለ ዓይነት አለ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ቦርሳም ያከብዳል፣ ግን ለጥ ብሎ ይተኛል። የሽቦውን ከገዛችሁ አብረውት የመጡትን ችካሎች ጣሉና የድንኳን ረጃጅም ችካል ግዙ፣ እስከ አናታቸው ቅበሯቸው። እሱም ካልሆነ የመኪናችሁን የጎማ ምንጣፍ አውጡና ገልብጣችሁ አንጥፉት። ከባድ ነው፣ አይነሳም። እኔ ራሴ ድሮኗ ተጠግና ስትመለስ የማነሳት ከሱ ላይ ነው።

ከበድ ያለውን ዓይነት የምትጠቀሙ ካላችሁ እባካችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡትና ስንት እንደሚመዝን ከታች ጻፉልኝ። ሻጮቹ አይነግሩንም። ለልጁ ሌላ ቅዳሜ ቃል ገብቼለታለሁ።