እባካችሁ በሩን ዝጉት

ሰሞኑን ከታላላቅ የመድረክ ተውኔቶች የተሠሩ ተወዳጅ ፊልሞች ዝርዝር ወጥቷል። አይታችሁታል። እኔም አየሁት፤ ምነው ባላየሁት። የምወደው ፊልም ቀረብኝ ብሎ ማኩረፍ የልጅ ነገር ነው፤ እሱን እችለዋለሁ። ያበገነኝ የመረጡበት መስፈርት ነው። አዘጋጆቹ ቴአትር ቴአትር የሚሸት ፊልም ሁሉ ገና ከማጣሪያው እንዲወድቅ አድርገናል ይላሉ። ጥሩ ፊልም ማለት ተውኔቱን ከአራት ግድግዳ አውጥቶ ሜዳ ላይ የለቀቀው ነው ባይ ናቸው። መድረክ ላይ ሰው እናያለን፣ ፊልም ላይ ግን ዓለምን እናያለን አሉ። ሲነበብ ያምራል። ሲያስቡት ባዶ ነው።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ያቀረቡት ምስክር ነው። ከመድረክ ነፃ የወጣ ፊልም ምን እንደሚመስል ለማሳየት የጠቀሱት የዳይሬክተር ሲድኒ ሉሜትን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ነው። ቆይ፣ ፊልሙን አይተውታል?

በ1957 የወጣ ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። 96 ደቂቃ ይፈጃል። በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ልጅ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚከራከሩ 12 ዳኞች ታሪክ ነው፤ ዳኞች ስል ለፍርዱ ከሕዝብ የተመረጡ ተራ ሰዎች ማለቴ ነው። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ጥቂት ደቂቃዎች በቀር ሰዎቹ ከዳኞቹ ክፍልና እዚያው ካለው መታጠቢያ ቤት ንቅንቅ አይሉም። አንድ ጠረጴዛ፣ 12 ወንበር፣ አልነሳም ያለ ቬንቲሌተር፣ የሚያንገበግብ ሙቀት። የቱ ሜዳ ላይ ነው የተለቀቁት? ደግሞም ታሪኩ መጀመሪያ የተጻፈው ለመድረክ አልነበረም። ሬጂናልድ ሮዝ የጻፈው ለቴሌቪዥን ነው፤ በ1954 በቀጥታ ተላልፏል። መድረክ ላይ የወጣው ኋላ ነው። እንግዲህ ከመድረክ ነፃ ወጣ የተባለው ፊልም ከመድረክም አልመጣ፣ ከክፍሉም አልወጣ። አንድ ምስክር ጠርተው እሱም በሁለት በኩል ከዳቸው።

(«ካዛብላንካ»ንም ከታላላቆቹ የመድረክ ተውኔቶች ተርታ አስገብተውታል። ፊልሙ የተሠራበት ተውኔት እኮ ያን ጊዜ አንድም መድረክ አላየም ነበር። ይሁን፣ እለፉት።)

ምስክሩን ከጠሩት አይቀር ግን እኔም ልጠይቀው።

ከ12ቱ ዳኞች አንዱ መነጽር ያደረገ፣ ኮቱን ያላወለቀ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሌሎቹን ሙቀቱ አቅልጧቸዋል። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። አያልብህም እንዴ ሲሉት፣ አያልበኝም ይላል። ይህ ሰው ተከሳሹ ልጅ ያየውን ፊልም አላስታውስም ማለቱ ለውሸቱ ማስረጃ ነው ብሎ ይሟገታል። ታዲያ እሱ ራሱ በቅርቡ ምን ፊልም እንዳየ ይጠየቃል። ርዕሱን ይስታል። የተዋናዮቹም ስም ይጠፋዋል። ይሄኔ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ይጠርገዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አየህ፣ አላበህ አይለውም። ሙዚቃ አይገባም። ክርክሩን የረታው ግን ያ ላብ ነው።

እስቲ ይህን ቴአትር ቤት ውስጥ 20ኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ የሚያይ ማን ነው? መድረክ ላይ ላብ ቢመጣ ከመብራቱ ሙቀት ነው፤ ትርጉም የለውም። ካሜራ ለተውኔት ያመጣለት ስጦታ ይህ ነው። ተራራና ወንዝ አይደለም፤ ቅርበት ነው። ተመልካቹን ከወንበሩ አንስቶ ጠረጴዛው ዳር፣ ሰዎቹ መሐል ያስቀምጠዋል። መድረክ ላይ ሰው እናያለን ብለዋል አይደል? እንደ እውነቱ ከሆነ መድረክ ላይ ሰውን ከሩቅ ነው የምናየው። ከቅርብ ያየነው በፊልም ነው።

ሉሜት ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ቁልቁል ያያቸዋል። መሐል ላይ ከዓይናቸው እኩል ይሆናል። ወደ መጨረሻው ዝቅ ብሎ ሽቅብ ያያቸዋል፤ ጣሪያው አናታቸው ላይ የተደፋ ይመስላል። ሌንሱንም ደረጃ በደረጃ እያረዘመ ስለሄደ ግድግዳው ወደ እነሱ እየተጠጋ የመጣ ይመስላችኋል። ግድግዳው ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ልባችሁ ለምን እንደጨነቀው ሳታውቁት ፊልሙ ያልቃል። ይህንን ነው ሜዳ ላይ መልቀቅ የሚሉት።

ኤልያ ካዛንማ ዛሬ የሚሰብኩትን ነገር ያኔ ሞክሮት ነበር። «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር»ን በ1947 መድረክ ላይ ያዘጋጀው እሱ ነው። ፊልም ሊያደርገው ሲነሳ፣ ልክ እንደነዚህ ሰዎች፣ ከቤት ላውጣው ብሎ አሰበ። የታሪኩ ዋና ሴት ብላንሽ ወደ እህቷ ቤት ከመምጣቷ በፊት የሆነውን ሁሉ የሚያሳይ ጽሑፍ አስጻፈ። አነበበው። የተውኔቱ ጉልበት ተንኖ እንደጠፋ ገባው። ጣለውና ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ይህን ሌላ ሰው አላወራበትም፤ ራሱ ነው የተናዘዘው። የ1951ዱ ፊልም ሲቀረጽ እንዲያውም ክፍሉን ማስፋቱ ቀርቶ ማጥበብ ተያያዘ። ታሪኩ በገፋ ቁጥር የሴትዮዋ መፈናፈኛ እንዲያንስ የቤቱን ግድግዳ እያቀራረበ ሄደ።

ሊያገባት ያሰበው ሚች የወረቀቱን ፋኖስ ከአምፖሉ ላይ ቀድዶ ጥሎ የብላንሽን ፊት ወደ መብራቱ የሚገፋበትን ትዕይንት አስታውሱ። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ከብርሃን ስትደብቅ ነው የከረመችው። መድረክ ላይ አምፖል ሲበራ ነው የሚታየው። ፊልሙ ላይ ግን ብላንሽን የምትጫወተው የቪቪያን ሌይ ፊት ነው። የዓይኗ ሥር። ሽብሽቡ። እኛም ከሚች ጋር ሆነን አፍጥጠን አየናት፤ አፈርንም። ይህን ትዕይንት ባቡር ጣቢያ ወይም ወንዝ ዳር አድርጉትና ምን እንደሚቀርለት ንገሩኝ።

«ፌንስስ»ንም በዚሁ ወንጀል ነው የሰረዙት። የኦገስት ዊልሰን ተውኔት ነው፤ ዴንዘል ዋሽንግተን በ2016 ፊልም አደረገው። ከግቢው እምብዛም አይወጣም ተባለ። አዎ፣ አይወጣም! ሚስትየው ለ18 ዓመት አብሬህ ቆሜያለሁ እያለች ባሏ ፊት ስታለቅስ ከዓይኗ እንባ፣ ከአፍንጫዋ ንፍጥ ይወርዳል። ቫዮላ ዴቪስ በዚህ ሥራዋ ኦስካር ወስዳለች። ያን ሰዓት የምን መልክዓ ምድር ነው የሚታያችሁ?

ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሒችኮክ ይህን ጉድ ገና ድሮ ሳቅ አድርጎበታል። በ1962 ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ፍራንሷ ትሩፎ ረጅም ቃለ ምልልስ ሲያደርግለት ዳይሬክተሮች ተውኔት ሲያገኙ የሚሠሩትን ስህተት በታክሲ ምሳሌ አስረዳው። መድረኩ ላይ ሰውየው ከውጭ በታክሲ የመጣ ነው፤ በር ከፍቶ ይገባል፣ አለቀ። ፊልም ሠሪው ግን ታክሲው ሲደርስ ያሳየናል። ሰውየው ይወርዳል። ሒሳብ ይከፍላል። ደረጃ ይወጣል። በር ያንኳኳል። ከዚያ ይገባል። ምን ተገኘ? ምንም። ተውኔቱ በጥብቀቱ የገነባው ውጥረት ታክሲው ውስጥ ተረሳ።

እሱ ራሱ «ዲያል ኤም ፎር መርደር»ን በ1954 ሲሠራ አፓርታማውን የሙጥኝ አለ። ታሪኩ ላይ ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ቀርባ ሞት ይፈረድባታል። ለሌላ ዳይሬክተር ይህ ሰርግና ምላሽ ነው፤ ትልቅ ችሎት፣ ካባ የለበሰ ዳኛ፣ የሚንጫጫ ሕዝብ። ሒችኮክ የግሬስ ኬሊን ፊት ብቻ አቆመ። ከኋላዋ ባለቀለም መብራት፣ ከሩቅ የሰዎች ድምፅ። አለቀ፣ ተፈረደባት። ችሎቱ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር?

እሺ፣ በር መዝጋት ብቻውን ፊልም አያደርግም። ይኸው ሒችኮክ በ1948 «ሮፕ»ን እስከ 10 ደቂቃ በሚደርሱ ያልተቆራረጡ ቀረጻዎች ሠርቶ፣ ኋላ ራሱ የጉራ ሙከራ እንደነበር አምኗል። ይህን እሰጣችኋለሁ። ሌላ ግን አልሰጥም።

ፊልም ሠሪ ተውኔት ላይ ምንም አይጨምር ያልኩም እንዳይመስላችሁ። ይጨምር። ግን የተሳካላቸው የጨመሩት ምን እንደሆነ እንይ። «ግሌንጋሪ ግሌን ሮስ» በ1992 ፊልም ሲሆን የተውኔቱ ደራሲ ዴቪድ ማሜት በተውኔቱ ያልነበረ ሰው ጻፈ። አሌክ ባልድዊን የሚጫወተው አለቃ ነው። አንዴ መጥቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ አይታይም። ፊልሙን ያዩ ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። የሽያጭ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ውድድር ያውጃል። አንደኛ የወጣ ካዲላክ መኪና ያገኛል። ሁለተኛ የወጣ የሥጋ ቢላዋ። ሦስተኛ የወጣ ከሥራ ይባረራል። ከሠራተኞቹ አንዱን የሚጫወተው ጃክ ሌመን ቡና ሊቀዳ ሲነሳ ያስቀምጠዋል። አዲሱ ትዕይንት የት ተጨመረ? እዚያችው ቢሮ ውስጥ። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ውርደት።

ስለ ሙዚቃ ደራሲው ሞዛርትና ስለ ተቀናቃኙ ሳሊየሪ የሚተርከው «አማዴየስ»ም እንደዚያው ነው። እሱን ጮክ ብለው ያሞግሱታል፤ ፕራግ ላይ ተቀርጿል፣ ቤተ መንግሥት አለው፣ ኦፔራ አለው፣ በ1984 ወጥቶ 8 ኦስካር ወስዷል። ሁሉም ልክ ነው። እኔም ስንቴ አይቼዋለሁ። ግን ከዚያ ሁሉ ወርቅና ሻማ መሐል ልብ የሚቀረው የትኛው ነው? ሞዛርት አልጋው ላይ ሆኖ የሙታን ጸሎት ሙዚቃውን ቃል በቃል እየተናገረ ሳሊየሪ ሲጽፍለት። በሽተኛው ይቀድማል፣ ጻፊው ይደናበራል፣ ቆይ ቀስ በል ይለዋል። ሁለት ሰው፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወረቀት። ይህ ትዕይንት የተፈጠረው ለፊልሙ ነው። ገንዘቡም ከተማውም እያላቸው፣ ምርጡን ነገር ሲፈጥሩ የፈጠሩት መኝታ ቤት ነው!

ጃፓናዊውን ዳይሬክተር ኩሮሳዋን አንሥተው እንደሚመጡብኝ አውቃለሁ። በ1957 ማክቤዝን ወስዶ የሸክስፒርን ቃላት በሙሉ ጥሎ፣ ጭጋግና ደን ያለበት የጃፓን ታሪክ አደረገው። ይኸው ሜዳ ይሉኛል። እውነት ነው፣ ፈረስ አለ፣ የቀስት መዓት አለ። ግን ሚስትየዋን እዩዋት። ኢሱዙ ያማዳ ባዶ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አትንቀሳቀስም። ፊቷ እንደ ጭምብል ነው። ትነሳለች፣ ጨለማው ውስጥ ትገባለች፣ ትጠፋለች፤ ለጠባቂዎቹ መድኃኒት የተጨመረበትን መጠጥ ይዛ ትመለሳለች። የምንሰማው የልብሷን ጫፍ ሲንሿሿ ብቻ ነው። አረማመዷም ፊቷም የተወሰደው ከየት መሰላችሁ? ኖ ከሚባለው የጃፓን ጥንታዊ ቴአትር። ከመድረክ አመለጠ የሚሉት ሰው አንዱን መድረክ ትቶ ከዚያ ይበልጥ የጠበቀ መድረክ ውስጥ ነው የገባው። ኩሮሳዋ በር አልከፈተም። ቤቱን አፍርሶ ሌላ ቤት ሠራ፤ ከዚያም ዘጋው።

አሁን ወዳንገበገበኝ ነገር ልምጣ። «ዘ ፋዘር»ን ሰርዘውታል።

ፍሎሪያን ዜለር ተውኔቱን ጽፎ በ2012 መድረክ ላይ አየው፤ በ2020 ራሱ ፊልም አደረገው። ትዝታው የሚከዳው ሽማግሌ ታሪክ ነው። አንቶኒ ሆፕኪንስ በዚህ ፊልም በ83 ዓመቱ ኦስካር ሲወስድ በዋና ተዋናይ ዘርፍ ካሸነፉት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሆኗል። ሰውየው ቤቱ ውስጥ ነው። ወይም ቤቱ ይመስለዋል። የልጁ ቤት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩ ዕቃው ተቀይሯል። ቀለሙ ያ አልነበረም። ኮሪደሩ ያው ነው፣ ግን ያው አይደለም። የእጅ ሰዓቱን ይፈልጋል፤ ሰረቁኝ ይላል። እናንተም ፊልሙን መልሳችሁ ማየት ያምራችኋል፤ ቅድም ወንበሩ እዚህ ነበር ወይስ ተሳስቼ ነው ትላላችሁ። ከእሱ ጋር አብራችሁ ትጠፋላችሁ። መድረክ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲበራ ዕቃ ይነሳል፤ ተመልካቹም ሲነሳ ያውቃል። እዚህ ማን መቼ እንዳነሳው አታዩም። ከቤት ሳይወጣ ቤቱን ራሱን ያሳበደ ፊልም ነው።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌው እንደ ሕፃን እናቱን እየጠራ ያለቅሳል። ቅጠሎቼ ሁሉ እየረገፉ ይመስለኛል ይላል። ነርሷ ታቅፈዋለች። ካሜራው ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ውጭ ዛፎች አሉ። ቅጠላቸው ለምለም ነው፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

የሰረዙበትን ምክንያት ፈልጌ አነበብኩት። ታሪኩ ከቤት አይወጣም ነው የሚለው። ሰውዬውም እኮ መውጣት አልቻለም።